የከፈልንበት ፍጥነት የት ይቀራል?

የቤት ኢንተርኔት ሲያዘግም አብዛኞቻችን የምናውቃቸው መፍትሔዎች ሁለት ናቸው፤ ከፍ ወዳለ ፓኬጅ መዛወር ወይም አቅራቢ መቀየር። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ሳሎን ውስጥ ደህና የሚሠራው ኢንተርኔት መኝታ ቤት ሲደርስ ለምን እንደሚጠፋ ግን አንዳቸውም አይመልሱም። ማንም ሰው ተጨማሪ ፍጥነት ከመግዛቱ ወይም ውሉን ከማፍረሱ በፊት ፍጥነቱ የሚጠፋው ከበር ውጭ ይሁን ከበር ውስጥ ለይቶ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የኔትወርክ ኬብልና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ሳይለዩ የሚከፈለው ጭማሪ በየወሩ ይደገማል፤ ኑሮ በከበደበት በዚህ ጊዜ ደግሞ በየወሩ የሚደገም ከንቱ ወጪ ለማንም ቤት ቀላል አይደለም።

ከቁጥሩ እንጀምር። ማስታወቂያ ላይ «20 ሜጋቢት በሰከንድ» ተብሎ የተጻፈ ፓኬጅ የገዛ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ፋይል ሲያወርድ 2.5 የሚል ቁጥር ያያል፤ ብዙዎችም በዚህ ጊዜ ተታለልን ብለው ይቆጣሉ። ነገር ግን አቅራቢዎች የሚሸጡት በሜጋቢት ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 20 ሜጋቢት እና 2.5 ሜጋባይት አንድ ናቸው። ይህ ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ቤተሰብ በእርግጥ ስንት ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ኔትፍሊክስ ለ1080 ጥራት 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት ይመክራል። የዙም የቡድን ስብሰባ በከፍተኛ ጥራት እንኳ ወደ 4 ሜጋቢት ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ አባት ስብሰባ ላይ፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን በ1080 ፊልም ላይ፣ ልጅ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ቢሆኑ ሁሉም ተደምሮ ከ15 ሜጋቢት ብዙም አይዘልም። 20 ሜጋቢት የገዛ ቤት የገዛውን ሙሉ በሙሉ ቢያገኝ ኖሮ ቅሬታ ባልኖረው ነበር። ስለዚህ 20ውን ወደ 50 ከማሳደግ በፊት 20ው ራሱ ሶፋውና አልጋው ድረስ መድረሱን ማየት ይቀድማል። ከመንገድ የሚገባው የውሃ መስመር የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ግቢ ውስጥ ያለው ቱቦ ከጠበበ ፎቅ ላይ ያለው ቧንቧ መንጠባጠቡ አይቀርም።

ያ የጠበበው ቱቦ በአብዛኛው ቤት ዋይፋይ ነው። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ በቤታችን ያሉት ራውተሮች የሚሠሩት በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው። የ2.4ቱ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ግድግዳ በተሻለ ያልፋል፣ ርቀትም ይደርሳል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ያለ ነው። የ5ቱ 6 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ነገር ሲገጥመው ቶሎ ይደክማል። ድካሙ የሚለካው በዲሲቤል ነው፤ 10 ዲሲቤል ጠፋ ማለት ከኃይሉ አንድ አሥረኛው ብቻ ቀረ፣ 20 ጠፋ ማለት አንድ መቶኛው ቀረ ማለት ነው። ፌሮ የታሰረበት ወፍራም አርማታ በ5 ጊጋኸርዝ ከ10 ዲሲቤል በላይ መብላቱ የተለመደ ነው። ከተሞቻችን ደግሞ የተሠሩት ከዚሁ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ዓምዱና ሶሌታው አርማታ ነው፤ ክፍሎቹን የሚለየው ብሎኬት ቀለል ይላል። ጂ ፕላስ ዋን የሠራ ሰው ምድር ቤት ያስቀመጠው ራውተር ፎቅ ላይ የማይሠራው ሶሌታው በመካከል ስላለ ነው። ግቢው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ግድግዳው ወይም ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሞገዱን አሳልፎ ከማስገባት ይልቅ መልሶ ይወረውረዋል።

በዚህ ላይ ራውተሩን የምናስቀምጥበት ቦታ ይጨመራል። መስመር ሊዘረጋ የመጣ ባለሙያ ፋይበሩን የሚያስገባው ለእሱ በሚቀርበው በር ወይም መስኮት በኩል ነው፤ ቤተሰቡም ሽቦው እንዳይታይ መሣሪያውን ብፌው ውስጥ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሸሽገዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጡ ብረት አለበት፤ የብፌው መስታወትም ከኋላው የተቀባው ብረት ነው። ራውተሩ ከቤቱ ጥግ ተወሽቆ ግማሽ ሞገዱን ለመንገዱና ለጎረቤት ሲለግስ፣ ቀሪው ግማሽ ብረቱንና ግድግዳውን ካለፈ በኋላ ተዳክሞ መኝታ ቤት ይደርሳል። ይህን ማስተካከል ብር አያስወጣም። ራውተሩን ከብፌው አውጥቶ በሰው ቁመት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ኬብሉ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ቤቱ መሐል ማምጣት ብቻውን ብዙ ቤት ይታደጋል። ስናነሣ ግን መጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ፤ ያቺ ቀጭን የፋይበር ገመድ እንደ መብራት ሽቦ አትታጠፍም። በብፌና በግድግዳ መካከል ተቆልምማ የተጣበቀች ፋይበር ውስጧ የሚያልፈውን ብርሃን ታፈሳለች፤ በመሣሪያው ላይ ኤል.ኦ.ኤስ. የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ የሚቀረውም ብርሃኑ እስከ መሣሪያው ሳይደርስ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ እንሂድ። ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት፣ ዋይፋዩን ማጥፋት፣ ሌላው የቤት ሰው ለጥቂት ደቂቃ እንዳይጠቀም ማድረግና የፍጥነት መለኪያ መክፈት። የሚወጣው ቁጥር አቅራቢው በር ድረስ ያመጣው ነው። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅሎ ከራውተሩ አንድ ሜትር ያህል ርቆ በዋይፋይ መለካት፤ በመጨረሻም ሁልጊዜ የሚያስቸግረው ክፍል ገብቶ እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ መለካት። ይህንኑ ጠዋት አንዴ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ አንዴ መድገም ያስፈልጋል። በኬብል 19፣ ራውተሩ አጠገብ 18፣ አልጋው ላይ 3 ከሆነ አቅራቢው ያለበትን ዕዳ ከፍሏል፤ 16ቱን የበላው ግድግዳው ነው። ይህ ቤተሰብ ፓኬጁን በእጥፍ ቢያሳድግ ሳሎኑ ላይ የማይፈልገውን ፍጥነት ይገዛል፣ አልጋው ላይ ግን ያው 3 ይቀራል። ጠዋት በኬብል 19 የነበረው ምሽት 4 ከሆነ ጥፋቱ ውጭ ነው። በኬብል 19 ሆኖ ራውተሩ ሥር በዋይፋይ 6 የሚያሳይ ቤት ደግሞ ወይ ራውተሩ አርጅቷል ወይ የጎረቤቶች ሞገድ ተጨናንቆበታል። ለሦስቱ ችግሮች መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ የስልክ ስክሪን ላይ ያሉት የዋይፋይ መስመሮች መሙላታቸው ግን ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ፈጽሞ አይነግረንም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ የአቅራቢው ሆኖ ሳለ ለምን ሸክሙ በደንበኛው ላይ ይጫናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የአቅራቢ ጥፋት መኖሩንም ልክድ አልፈልግም። ግን ጥፋቱ የት እንዳለ በቅርበት እንመልከት። ለቤቶች በስፋት የሚዘረጋው ጂፖን የሚባለው የፋይበር ሥርዓት በአንድ መስመር ወደ 2.5 ጊጋቢት ያወርዳል፤ ያንን መስመር ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ቤቶች ይጋሩታል። ስድሳ አራቱም በአንድ ቅጽበት ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ 39 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል። ስለዚህ የ20 ሜጋቢት ደንበኛ ምሽት ላይ ሲያዘግምበት መጨናነቁ ያለው በአብዛኛው ከሰፈሩ ፋይበር ባሻገር ነው፤ ከሰፈር ጣቢያው ወደ ዋናው ኔትወርክ በሚወስደው መንገድ ወይም አገር በሚያሻግረው መስመር ላይ። ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጅቡቲና በኬንያ በመሳሰሉ ጎረቤቶች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ደርሳ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲበጠሱ የምሥራቅ አፍሪካና የእስያ ኢንተርኔት ተረብሿል። እንዲህ ያለውን ችግር ቤት ውስጥ የሚገዛ ምንም ዕቃ አይፈታውም። ትልቅ ፓኬጅም አይፈታውም፤ ምክንያቱም የተጨናነቀው የጋራ መንገዱ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የአቅራቢው በሆነበት ጊዜም ቢሆን ሳይለኩ ማሳደግ ያው ከንቱ ወጪ ነው። የለካ ደንበኛ ደግሞ አቤቱታው ክብደት አለው። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች መስመር 994 ደውሎ «ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው» ያለ ሰው ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ ይነገረዋል፤ «በኬብል የለካሁት ነው፣ ጠዋት 19 ምሽት 4፣ ቀኑና ሰዓቱ ይኸው» ያለ ሰው ግን መልሱ እንዲያ በቀላሉ አይዘጋም።

አቅራቢ ስለመምረጥ ሲነሣ «ምርጫው የት አለ?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በብዙ ከተሞች እውነት ነው። ዘርፉ ለውድድር የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ፋይበር ቤት ድረስ ለማስገባት የኢትዮ ቴሌኮም መረብ ዛሬም ዋናው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ዌብስፕሪክስ ያሉ የግል አቅራቢዎች አሉ፤ ሲም ካርድ የሚገባባቸው የ4ጂ የቤት ራውተሮች ደግሞ መስመር ላልደረሰበት ቤት አማራጭ ሆነዋል። በእኔ ግምት ከእነዚህ መካከል ለመምረጥ የመጀመሪያው መመዘኛ የፓኬጁ ቁጥር መሆን የለበትም። ሕንፃው ውስጥ ወይም ያው መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤቶች የቱን እንደሚጠቀሙ፣ ምሽት ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲበላሽ በስንት ቀን እንደሚጠገን መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ኢንተርኔት የጋራ መስመር ነው፤ የጎረቤት ምሽት የእኛ ምሽት ነው። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ለውሃና ለጥበቃ እንደሚሰበሰቡ ሁሉ ይህንንም አንድ ላይ ቢጠይቁ የአንድ ብሎክ ነዋሪ ድምፅ ከአንድ ደንበኛ ድምፅ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ስለ ውሉ መጠየቅ ነው፤ «ያልተገደበ» የተባለው ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል ወይ? የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው ጋር እኩል ነው ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ችላ የሚባል ነው፤ ቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሰው ወይም ዋሺንግተን ካለ ልጁ ጋር በቪዲዮ የሚነጋገር ወላጅ ፊቱ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ መላኪያው ስለሚያጥር ነው።

ሁሉም ካለ ፋይበር ይቀድማል። በአሮጌው የስልክ መዳብ የሚመጣው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. በተሻለው ዓይነቱ እንኳ ጣሪያው 24 ሜጋቢት ነው፤ ከጣቢያው በራቀ ቁጥርም ይወርዳል። የ4ጂ ራውተር ሰፈሩ ሁሉ በስልኩ ከሚጠቀምበት አንቴና ስለሚጋራ ምሽት ላይ መድከሙ የሚጠበቅ ነው። የራሱ የሆነ ጣጣም አለበት። ከአንቴናው ጥሩ ሲግናል እንዲያገኝ መስኮት ዳር መቀመጥ ይፈልጋል፤ ዋይፋዩ ቤቱን እንዲያዳርስ ደግሞ መሐል መሆን አለበት። ሰው አንዱን መርጦ ሌላውን ያጣል። መውጫው ራውተሩን መስኮቱ ላይ ትቶ፣ ከእሱ በኔትወርክ ኬብል የተገናኘ ሌላ የዋይፋይ መሣሪያ ቤቱ መሐል ማስቀመጥ ነው። መብራትንም አንርሳ። ፋይበር በራሱ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ የጣቢያው በኩል መጠባበቂያ ኃይል እስካለው ድረስ መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱን የሚያጠፋው የቤታችን መሣሪያ መጥፋቱ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በ12 ቮልት የሚሠሩና እጅግ ጥቂት ኃይል የሚበሉ ስለሆኑ ለራውተር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ባትሪ ሰዓታት ያቆያቸዋል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ከፓኬጅ ጭማሪ ይልቅ ይህ ባትሪ የበለጠ ኢንተርኔት ይገዛል።

ግድግዳው ጥፋተኛ ሆኖ ለተገኘበት ቤት በገበያው ላይ ቀድሞ የሚቀርበው ሪፒተር ነው። ርካሽ ነው፣ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ስልኩም ወዲያው ሙሉ መስመር ያሳያል። የሚያሳየው ግን ከስልኩ እስከ ሪፒተሩ ያለውን ጥንካሬ ነው፤ ሪፒተሩ ራሱ ከራውተሩ ምን ያህል እንዳገኘ አይናገርም። ሰው ደግሞ የሚሰካው ኢንተርኔት በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ደካማ የተቀበለ መሣሪያ ደካማውን ከማስተላለፍ ሌላ አቅም የለውም። ከዚህም በላይ ርካሹ ሪፒተር በአንድ ሬዲዮ ተራ በተራ ስለሚቀበልና ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የግድ ከሆነ ቦታው ኢንተርኔት ገና ባልደከመበት መንገድ መሐል ነው። ሜሽ የሚባሉት ጥንድና ሦስት ሆነው የሚሸጡ መሣሪያዎች ከዚህ በእጅጉ ይሻላሉ፤ «እነሱን ገዝቶ መገላገል ነው» ለሚል ሰው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሜሹም እርስ በርሱ በአየር እስከተገናኘ ድረስ የሚያልፈው ያንኑ ሶሌታ ነው። በኬብል ሲገናኝ ነው ዋጋውን የሚያወጣው። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ይሄዳል፤ ካት 5ኢ የሚባለው ተራው ዓይነት አንድ ጊጋቢት ይሸከማል፣ ማለትም ለቤት በአብዛኛው ከምንገዛው ፓኬጅ በላይ። ሰርቪስ ቤት ድረስም፣ ፎቅ ድረስም ይደርሳል። ተከራይ ግድግዳ መብሳት አይችልም ይባላል፤ ጠፍጣፋ ኬብል ዞኮሎውን ተከትሎ በበሩ ሥር ሲያልፍ ቀዳዳ አይጠይቅም፣ ሲለቁም ተጠቅልሎ ይሄዳል። ውበት ያጎድላል ለሚል መልሴ አጭር ነው፤ በየወሩ ከሚከፈል ትርፍ ፓኬጅ ግድግዳ ዳር የተለጠፈ ነጭ ገመድ ይሻላል።

በኮንዶሚኒየም ሌላ ጣጣ አለ፤ የጎረቤት ዋይፋይ። ስልኩን ከፍቶ ስም የሚቆጥር ሰው ከላይ፣ ከታችና ከግራ ቀኝ የመጡ ብዙ ስሞች ያያል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይጋጩ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ሁሉም በሦስት መንገድ ይጋፋል። መፍትሔው ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር፣ ከተቻለም የማይንቀሳቀሰውን ዕቃ ሁሉ በኬብል ማሰር ነው። በኬብል የታሰረ ቴሌቪዥን አየሩን ለስልኮች ይለቃል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሸክሙ በቤተሰብ ላይ ብቻ መቅረቱ ትክክል እንዳልሆነ አምናለሁ። በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ እንደምናየው ያለ መግለጫ በእያንዳንዱ የቤት ኢንተርኔት ፓኬጅ ላይ እንዲወጣ ግዴታ ጥሏል፤ ወርኃዊ ዋጋው፣ ተጨማሪ ክፍያው፣ በተለምዶ የሚገኘው የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት፣ የምላሽ መዘግየቱና የዳታ ገደቡ በአንድ ገጽ ይቀመጣሉ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ይህንኑ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ቢያስገድድ ደንበኛው «እስከ» የሚለውን ቃል አይገዛም፤ ምሽት ላይ የሚያገኘውን አውቆ ይገዛል። አቅራቢዎች ሸክም ነው ሊሉ ይችላሉ፤ መረባቸውን ግን እነሱ ራሳቸው ዕለት ዕለት ይለኩታል፤ የሚጠየቀው የለኩትን እንዲያሳዩ ነው።

ሌላው ጥያቄዬ ለሚገነቡት ነው። ዛሬ አፓርታማ የሚሸጡ ድርጅቶች በየክፍሉ ሶኬትና የቴሌቪዥን መስመር ያወጣሉ፤ የኔትወርክ ኬብል የሚያልፍበት ባዶ ቱቦ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያ ቱቦ ከመግቢያው በር እስከ ሳሎኑ መሐልና እስከ እያንዳንዱ መኝታ ቤት፣ በጂ ፕላስ ዋንም ከምድር ቤት እስከ ፎቅ ቢቀበር ወጪው ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የማይገባ ነው። ቤት በቅድሚያ ክፍያ የሚገዛም ሆነ ራሱ የሚያሠራ ሰው ይህን ፕላኑ ላይ እንዲገባ መጠየቅ ያለበት አርማታው ከመፈሰሱ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየግድግዳው መብሻ ይዞ መዞር ብቻ ነው።